ሳንድቦክሱን ለሁለተኛው ምዕራፍ አታሳድሩት



የላካችሁልኝን ረቂቅ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ካርቱም ሳለን የእቁቡን፣ የእድሩንና የሐዋላውን ደብተር ወደ ስልክ ያመጣው መድረክ ዛሬ ከመተማ እስከ አዲስ አበባ፣ ከፖርት ሱዳን እስከ ካይሮና ካምፓላ የተበተነውን ሰው ያገናኛል። በዚህ መድረክ ላይ ሌሎች የሚሠሯቸው ፕለጊኖች እንዲሰኩ መፈለጋችሁ አያስነቅፍም። አንዱ ወጣት የምንዛሪ ማስያ ይሠራል፤ ሌላዋ የስደተኛ ፎርም መሙያ፤ ሌላው ለእቁብ የእጣ ማውጫ። ሁሉንም እኛ ልንሠራው አንችልም፤ ዕድሜያችንም አይበቃም። የከበደኝ በረቂቁ መሐል ያለች አንዲት መስመር ናት። በመጀመሪያው ምዕራፍ «የምናውቃቸውና የምናምናቸው» ልጆች ፕለጊናቸውን ከመድረኩ ጋር በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ፣ በሙሉ ፈቃድ ያስኬዳሉ፤ ፕለጊኑን ከቀረው የሚያጥረው ሳንድቦክስ በሁለተኛው ምዕራፍ ይመጣል ትላለች።

ይህችን መስመር አውጧት። ካላወጣችኋት መድረኩን ለማንም አትክፈቱ። የምጽፍላችሁ ለዚህ ነው፤ የቀረው ሁሉ የዚህ ምክንያት ነው።

ደብተሩ ውስጥ ምን እንዳለ አስቡ። የአባሉ ስም፣ የስልክ ቁጥር፣ የካርቱም ሰፈሩ ዴም ነው ወይስ ጀሪፍ፣ በወር ስንት እንደሚጥል፣ ዋሱ ማን እንደሆነ፣ ለእናቱ በማን በኩል ገንዘብ እንደሚልክ። በሰላም ቀን ይህ ዝርዝር ቢያፈተልክ የሚያመጣው ሐሜትና የብድር ጭቅጭቅ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በቅዳም ሥዑር ጠዋት፣ ካርቱም ውስጥ ተኩስ ሲከፈት ግን ያው ዝርዝር ሌላ ነገር ሆነ። ከዚያ ወዲህ በየኬላው ስልክ ተከፍቶ መልእክትና ፎቶ የሚበረበርበት፣ ባዕድ ዜጋ በየትኛው ወገን ተሰልፏል ተብሎ የሚጠየቅበት ጊዜ መጣ። በገዳሪፍ አድርጎ በገላባት ወደ መተማ የተሻገረ ሰው ሁሉ ስልኩ ውስጥ ስለነበረው ነገር ከእኔ የበለጠ ይነግራችኋል። እንግዲህ እናንተ ይህን ደብተር ከነሙሉ ፈቃዱ ለምንዛሪ ማስያ ልትሰጡት ነው። የምንዛሪ ማስያ የሚያስፈልገው ሁለት ቁጥር ብቻ ነበር።

(ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ረቂቁን የጻፋችሁት ሰዎች አዲስ አበባ ተቀምጣችሁ ስለሆነ፣ ካርቱም ውስጥ ሶፍትዌር እንዴት ከሰው ወደ ሰው እንደሚደርስ የዘነጋችሁት ይመስለኛል። የአሜሪካ የኢኮኖሚ ማዕቀብ በ1997 ተጥሎ በኦክቶበር 2017 እስኪነሣ ድረስ፣ ቪዛና ማስተርካርድ ሱዳን ውስጥ አይሠሩም ነበር፤ የሚከፈልበት አፕ ከሕጋዊው መደብር መግዛት አይታሰብም ነበር። ሰው አፑን የሚያገኘው ከስልክ ሱቅ ነበር፤ በሜሞሪ ካርድ፣ በብሉቱዝ፣ ከጓደኛ ስልክ። ማዕቀቡ ከተነሣ በኋላም ልማዱ አልተነሣም፤ ኔትዎርክ ሲጠፋ ደግሞ ብቸኛው መንገድ እሱ ነው። ስለዚህ «ፕለጊኑን በመደብራችን መርምረን እናጸድቃለን» የሚለው አንቀጻችሁ ግማሽ እውነት ነው። መደብራችሁ ያጸደቀው ፋይል እጅ ለእጅ ሲተላለፍ መሐል ላይ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ፊርማውን የሚያጣራው ስልኩ ላይ ያለው መድረክ ራሱ መሆን አለበት፤ በተሰካ ቁጥር፣ ያለ ኢንተርኔት። ፊርማው ካልገጠመ «ለማንኛውም ቀጥል» የሚል ቁልፍ አይኑር። ያ ቁልፍ ካለ ይነካል።

ደግሞ ፕለጊን ጫኑ ተብሎ መጠቃት ለእኛ ወገን አዲስ አይደለም። በዲሴምበር 2017 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ ባወጣው ጥናት፣ በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በሌሎች አገሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች ከ2016 ጀምሮ ኢሜይል ይደርሳቸው ነበር። ማስፈንጠሪያውን ሲጫኑ የታወቀ የቪዲዮ ገጽ የመሰለ ይከፈታል፤ ቪዲዮውን ለማየት መጀመሪያ የፍላሽ ማጫወቻህን አድስ ይላል። ሌሎቹን ደግሞ ሰነዱን ለማንበብ «አዶቤ ፒዲኤፍ ራይተር» የሚባል ነገር ጫን ይላቸው ነበር። የሚጫነው ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ የሚሸጠው የስለላ ሶፍትዌር ነበር። ልብ አድርጉ፤ እነዚያ ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። ፍላሽ ለሃያ ዓመት ያህል በየጊዜው «አድሰኝ» እያለ ሰውን ያስለመደ ፕለጊን ነበር፤ አጥቂው የተጠቀመው ይህንኑ ልማድ ነው። አንድ ነገር ለማየት ሙሉ ኮምፒውተርን ለፕለጊን መስጠት ተለምዶ በነበረበት ዘመን፣ ሰው መስጠቱን አያስተውለውም ነበር።

ሕግስ? ሜሪላንድ የሚኖር፣ በፍርድ ቤት «ኪዳኔ» በሚል የተከለለ ስም የቀረበ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም ተገኝቶ በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት ዋሽንግተን ላይ ከሰሰ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በማርች 2017 ክሱ ሊታይ አይችልም አለ፤ ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ አልተፈጸመም በሚል። ያ ሰው ጠበቃ ነበረው፣ ዜግነት ነበረው፣ የሚሠራ ፍርድ ቤት ነበረው። የእናንተ አባል ገላባት ድንበር ላይ ምን አለው? የአገልግሎት ውላችሁ ውስጥ «አዘጋጁ በሕግ ይጠየቃል» ብላችሁ መጻፋችሁን አይቻለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ምዕራፍ ልምጣ። «መጀመሪያ እንክፈት፣ ሰው ይልመደው፣ ከዚያ እናጥራለን» የሚለው ሐሳብ ከእናንተ በፊት ትልልቆቹ የሞከሩት ነው። የፋየርፎክስ የቀድሞ ተጨማሪዎች ከብራውዘሩ ጋር አንድ አካል ሆነው፣ ያለ ወሰን ይሠሩ ነበር። ሞዚላ በኦገስት 2015 ወደ ታጠረው ሥርዓት እሄዳለሁ ብሎ አስታወቀ፤ የቀድሞዎቹን የቆረጠው በኖቬምበር 2017፣ በ57ኛው ዕትም ነው። ከሁለት ዓመት በላይ ፈጀ፤ ብዙ ተወዳጅ ተጨማሪዎች እዚያው ቀሩ፤ ከሠሪዎቻቸውም ተቀይመው የሄዱ ነበሩ። ክሮምም ከኔትስኬፕ ዘመን የወረሰውን የፕለጊን መንገድ የዘጋው በ2015 ነው። ዎርድፕሬስ ከ2004 ጀምሮ ፕለጊን ይቀበላል፤ እስካሁን ድረስ አንድ የፎቶ ማሳያ ፕለጊን የጣቢያውን ሙሉ ዳታቤዝ ማንበብ ይችላል። አጥሩ በመጀመሪያው ቀን ስላልተሠራ ነው። አሁን ቢያጥሩት በሚሊዮን የሚቆጠር ጣቢያ ይፈርሳል፤ ስለዚህ አያጥሩትም። ሞዚላ ገንዘብና መሐንዲስ ነበረው። እኛ ከሥራ በኋላ የምንሠራ ጥቂት ሰዎች ነን። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ የሚባለውን አባቶቻችን ለሽምግልና ቢሉትም ለዚህም ይሠራል።

በአንጻሩ የዲዛይን መሣሪያውን ፊግማን ተመልከቱ። በ2019 ፕለጊን ሲከፍት ከመጀመሪያው ቀን አጥሮ ነው የከፈተው። የመረጠው የአጥር ዘዴ ቀዳዳ ተገኘበት፤ ያን ጊዜ ኩዊክጄኤስ የተባለውን ትንሽ የጃቫስክሪፕት ሞተር ወደ ዌብአሴምብሊ ለውጦ ፕለጊኖቹን እዚያ ውስጥ አስገባቸው። የውስጡ አጥር ተቀየረ፤ የፕለጊኖቹ ልማድ ግን ከመነሻው የተሠራው በአጥር ውስጥ ለመኖር ነበር። አጥር ይሰነጠቃል፤ ማንም አይሰነጠቅም ብሎ አይማል። የተሰነጠቀን አጥር መጠገን ግን ጨርሶ ያልነበረን ከማቆም እጅግ ይቀላል።

ስለ አሠራሩ ብዙ ልል እችላለሁ፤ የሚያሳስበኝን ብቻ ልበል። በረቂቁ ላይ ፕለጊኖቹን በዌብቪው ውስጥ አስኪዶ በጃቫስክሪፕት ድልድይ ከመድረኩ ጋር ማገናኘት የሚል አማራጭ አለ። ከ4.2 በፊት በነበሩት የአንድሮይድ ዕትሞች ላይ በዚህ ድልድይ የገባ ስክሪፕት የፈለገውን የጃቫ ሜተድ መጥራት ይችል ነበር። አሮጌ ስልክ በእኛ ሰው እጅ ብዙ ዘመን ይቆያል፤ ይህን ከማንም በላይ እናውቃለን። ዌብአሴምብሊ ለእኛ የሚሻለው ከባዶ ስለሚነሣ ነው። ሞጁሉ ሲጀምር ፋይል የለውም፣ ኔትዎርክ የለውም፣ ሰዓት እንኳ የለውም፤ ያለው የራሱ ሜሞሪና አስተናጋጁ መድረክ በስም የሰጠው ፈንክሽን ብቻ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ምን እንከልክለው?» ከሚለው ወደ «ምን እንስጠው?» ይዞራል። ሳልትዘርና ሽሮደር በ1975 የጻፉት የአነስተኛ ሥልጣን መርህ ይኸው ነው፤ ግማሽ ክፍለ ዘመን አልፎታል፤ ዛሬም «ለጊዜው ሁሉንም እንስጠው» የሚል ረቂቅ ይደርሰኛል።

የእጣ ማውጫውን ፕለጊን ውሰዱ። እጣ ለማውጣት የአባላቱ ስም አያስፈልገውም፤ ቁጥራቸው ይበቃዋል። መድረኩ «ሃያ ሰዎች አሉ፣ አራቱ ወስደዋል» ይለዋል፤ እሱ አንድ ተራ ቁጥር ይመልሳል፤ ቁጥሩን ወደ ስም የሚለውጠው መድረኩ ነው። የምንዛሪ ማስያው ኔትዎርክ ይፈልጋል፤ ተመኑን የሚያመጣበት አንድ አድራሻ ብቻ ይፈቀድለት፤ አባል የሚባል ነገር መኖሩን እንኳ አይወቅ። ከባዱ የፎርም መሙያው ነው፤ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የመታወቂያ ቁጥር ማንበብ ግድ ይለዋል። እሱ ደግሞ ኔትዎርክ በፍጹም አይነካ፤ የሞላውን ለመድረኩ ይመልስ፤ መላኩ የሰውዬው የራሱ ፈንታ ነው። ከዚህ የሚወጣውን ደንብ በረቂቁ መጀመሪያ ላይ በትልቁ ጻፉልኝ፤ የሰው መረጃ የሚያነብ ፕለጊን ወደ ውጭ አይናገር፤ ወደ ውጭ የሚናገር የሰው መረጃ አያንብብ። ይህን የሚጥስ ሐሳብ ከመጣ፣ ምንም ያህል ጠቃሚ ቢሆን፣ ፕለጊን አይሁን፤ እኛው ራሳችን በመድረኩ ውስጥ እንሥራው።

ሁለት ፕለጊኖች ተመካክረው ይህን ደንብ ሊሽሩት እንደሚችሉም አትርሱ። አንዱ አንብቦ በጋራ ማከማቻ ያስቀምጣል፤ ሌላው አንሥቶ ይልካል። እያንዳንዱ የራሱ ማከማቻ ይኑረው፤ የሌላውን አይይ። ሌላም ተንኮል አለ፤ ኖርም ሃርዲ በ1988 የጻፈበት። ፕለጊኑ ራሱ መላክ ካልተፈቀደለት፣ መላክ የሚችለውን መድረካችሁን «ይህን መልእክት ላክልኝ» ብሎ ይጠይቀዋል፤ በመልእክቱ ውስጥ ዝርዝሩ አለ። ታማኙ መድረክ በገዛ ሥልጣኑ የሌላውን ተንኮል ይፈጽማል። ስለዚህ መልእክት ሲላክ ተቀባዩን የሚመርጠው ሰውዬው ይሁን፤ ጽሑፉም ሳይቆረጥ በሙሉ ይታየው፤ በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በኦሮምኛና በዐረብኛ። ማንበብ የማይችሉ እናቶች እንዳሉን ታውቃላችሁ፤ ለእነሱ «እስማማለሁ» የሚለው ቁልፍ ፈቃድ ሊባል አይገባም። ለእነሱ ሲባል ከመነሻው ጥቂት መስጠት ነው መፍትሔው።

ስለ ባትሪ ደግሞ ማንም አላነሣም። ማለቂያ የሌለው ዙር ውስጥ የገባ ፕለጊን አዲስ አበባ ላይ ስልኩን ያሞቀዋል፤ ሰውዬው ይሰድበውና ያጠፋዋል። መብራት በጠፋበት ካርቱም ላይ ያው ስሕተት የቀረውን ባትሪ ይጨርሳል፤ ያ ባትሪ መንገድ የሚጠየቅበት፣ ዘመድ የሚፈለግበት ነበር። አንዳንድ የዌብአሴምብሊ ማስኬጃዎች ለእያንዳንዱ ጥሪ የሥራ ኮታ የመቁረጥ ችሎታ አላቸው፤ ኮታው ሲያልቅ ፕለጊኑ ይቆማል። ኮታውን ጥብቅ አድርጉት።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ነገር ደረስኩ። ረቂቁ መጥፎ ፕለጊን ቢገኝ «ከሰርቨራችን የእገዳ ዝርዝር እናሰራጫለን» ይላል። በየትኛው ኔትዎርክ? በጁን 2019 በመከላከያው ጠቅላይ መምሪያ ፊት የነበረው ተቀማጭ ሰልፍ በደም ሲበተን የሱዳን ኢንተርኔት ተቆርጦ ከአንድ ወር በላይ ቆየ። በኦክቶበር 2021 መፈንቅለ መንግሥት ዳግመኛ ለሳምንታት ተቆረጠ። በፌብሩዋሪ 2024 ኤምቲኤን፣ ሱዳኒና ዜን ተከታትለው ጠፉ፤ ሕዝቡ በጦርነቱ ውስጥ የሚተነፍስበት የባንክ ኦፍ ካርቱም «ባንካክ» አፕ ኔትዎርክ በሌለበት ሁሉ ዝም አለ፤ ስታርሊንክ ያለው ሰው ደጃፍ ላይ ወረፋ ሆነ። የእገዳ ዝርዝራችሁ በዚህ ሁሉ ቀን የት ይገኛል? መጥፎው ፕለጊን ግን ስልኩ ውስጥ ነው፤ እሱ ኔትዎርክ አይጠብቅም፤ ያነበበውን ይዞ ኔትዎርክ እስኪመለስ ማድፈጥ ይችላል።

ስለዚህ ፈቃድ በራሱ ጊዜ የሚያልቅ ይሁን። የአባላትን መረጃ የሚያነብ ፈቃድ ካልታደሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሙት፤ መታደሱን እንጂ መታገዱን የምንልክ አንሁን። ወዲያው ጥያቄ እንደምታነሡ አውቃለሁ፤ ኔትዎርክ ለአንድ ወር ከጠፋ ደኅናው ፕለጊንም ይሞታል፤ ሰው በቸገረው ቀን ፎርሙን መሙላት ያቅተዋል። እውነት ነው፤ ይህ ከባድ ምርጫ ነው፤ የእኔ ፍርድ ግን ግልጽ ነው። ምንም የማያነብ ማስያ ለዘላለም ይኑር። የሰው ስም የሚያነብ ይሙት። የእቁቡና የእድሩ ዋና ደብተር ደግሞ አንድም ፕለጊን ሳይኖር ሙሉ በሙሉ የሚሠራ ይሁን፤ ሰው ፕለጊን አጥቶ ገንዘቡን የማያገኝበት ቀን መምጣት የለበትም። የስልኩን ሰዓት ወደ ኋላ መልሶ የሞተ ፈቃድ ማስነሣት እንዳይቻልም መድረኩ እስካሁን ያየውን የመጨረሻ ሰዓት ይያዝ፤ ከዚያ ወደ ኋላ አይመለስ።

«ልጆቻችን ናቸው፣ እናውቃቸዋለን» ትላላችሁ። እኔም አውቃቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹን ኮድ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ልጆቹን አይደለም የምፈራው፤ የፊርማ ቁልፋቸው ነው የሚያስፈራኝ። በ2018 ኢቬንት ስትሪም የተባለውን፣ ብዙ ሰው የሚጠቀምበትን የኮድ ጥቅል የሠራው ሰው ደክሞት ለአንድ ፈቃደኛ አስረከበው፤ ፈቃደኛው የቢትኮይን ቦርሳ የሚሰርቅ ኮድ አስገባበት። ግሬት ሳስፔንደር የተባለው የክሮም ተጨማሪ በ2020 ለሌላ ባለቤት ተላለፈ፤ ጉግል በፌብሩዋሪ 2021 አደገኛ ነው ብሎ ሲያጠፋው ከ2 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ ነበረው። በ2024 የገና ዋዜማ ደግሞ ሳይበርሄቨን የተባለ የደኅንነት ኩባንያ ሠራተኛ በአስጋሪ ኢሜይል ተታሎ የኩባንያው የክሮም ተጨማሪ ተበከለ፤ ሥራው ጥበቃ የሆነ ኩባንያ! በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ መጀመሪያ የታመነው ሰው ታማኝ ነበር። የእኛ ልጆች ደግሞ ከዚህ የባሰ ያገኛቸዋል፤ ላፕቶፓቸው በኬላ ይወሰዳል፤ ራሳቸውም ይታሰራሉ፤ ተገደው ቁልፍ ይሰጣሉ። ሙሉ ፈቃድ የሰጣችሁት ልጅ፣ ያን ፈቃድ ስለያዘ ብቻ ዒላማ ይሆናል። ሳንድቦክሱ አባላቱን ከልጁ ብቻ አይጠብቅም፤ ልጁንም ይጠብቃል። ከእሱ ላይ ተገድዶ የሚወሰድ ነገር አይኖርማ። በዚህ ላይ ማንኛውም አዲስ ዕትም እንደ አዲስ ፕለጊን ይቆጠር፤ በሁለት የተለያዩ አገሮች ያሉ ሁለት ሰዎች ካልፈረሙበት አይሰካ፤ የፈቃድ ጥያቄው ከቀድሞው ከሰፋ ተጠቃሚው እንደገና ይጠየቅ።

ቴሌብርም በውስጡ የሌሎች ሚኒ አፖችን ያስገባ የለም ወይ ብላችሁኝ ነበር። ያስገባል። ከኋላው ግን ኢትዮ ቴሌኮም አለ፤ ውል አለ፤ የሚያስገባውን የሚመርጥ ሠራተኛ አለ፤ ሕግ በሚደርስበት አገር ይሠራል። እኛ ከዚህ አንዱም የለንም፤ ስለዚህ የእነሱን ድፍረት ልንዋስ አንችልም።

ሳንድቦክስ ሁሉን አይፈውስም። በ2018 መጀመሪያ የታወቀው ስፔክተር በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ የተቀመጠ አጥር በፕሮሰሰሩ ጉድለት ሊታለፍ እንደሚችል አሳይቷል፤ ለዚህም ነው ከዌብአሴምብሊው በተጨማሪ ፕለጊኑ በተለየ ፕሮሰስ እንዲሄድ የምለው፤ ዝቅተኛ ስልክ ቢያንቀራፍፍም ይንቀራፈፍ። በተፈቀደለት መንገድ የሚዋሽ ፕለጊንም ይኖራል፤ የምንዛሪ ማስያ የሐሰት ተመን ሊያሳይ ይችላል። ያ ጉዳት ግን በተመኑ ይቆማል፤ ወደ ዴምና ጀሪፍ ሰዎች ስም አይሻገርም።

ሥራው ይዘገያል፤ ወጣቶቹ ይማረራሉ፤ ገንዘብ ለመስጠት ቃል የገባው ድርጅትም ውጤት ቶሎ አሳዩኝ ይላል። እነሱን እኔ አናግራቸዋለሁ፤ ሽምግልናው ለዚህ ካልሆነ ለምን ሊሆን ነው። ከእናንተ የምፈልገው ይህን ነው። የሚቀጥለው ረቂቅ ሲመጣ የመጀመሪያው ምዕራፍ የእጣ ማውጫውን ብቻ ይያዝ፤ በሳንድቦክስ፣ በተለየ ፕሮሰስ፣ በሁለት ፊርማ፣ ከኔትዎርክ ውጭ። አንዱ ወጣት ያን ፕለጊን እንዲሰብረው ይጋበዝ፤ ከሰበረው ይሸለም። የፎርም መሙያው ከዚያ በኋላ ይምጣ። ያቺ መስመር በረቂቁ ውስጥ እንዳለች ከቀረች ግን፣ ከመሥራቾቹ ዝርዝር ላይ ስሜን ሰርዙ፤ የቤተሰቤንም ደብተር ከሰርቨሩ አውጥታችሁ መልሱልኝ።